እንግሊዞችን ትልልቆቹ ፓርቲዎች ለምን አንገሸገሿቸው?

በጁላይ 2024ቱ ምርጫ ማግሥት ለንደን አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመቀበል ሽር ጉድ ስትል፣ በምሥራቅ እንግሊዝ የአንድ የምርጫ ክልል ውጤት ገና አልተነገረም ነበር። ሳውዝ ዌስት ኖርፎክ ይባላል። የእርሻ አገር ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ሳያመነታ ኮንሰርቫቲቭን ሲመርጥ የኖረ። የፓርቲው ተወዳዳሪ ደግሞ የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ ነበሩ። በ2019 የቅርብ ተፎካካሪያቸውን የበለጡት በ26,195 ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ወንበር እዚያ አገር አይነኬ ነው የሚባለው፤ ፓርቲው ማንንም ቢያቆም ያሸንፋል። ነግቶ ውጤቱ ሲነበብ ግን ትረስ በ630 ድምፅ ተሸነፉ። ንግግር እንኳ ሳያደርጉ ነው ከመድረክ የወረዱት።

ዜናው በዚሁ አለቀ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው ያለው። ያሸነፉት የሌላኛው ትልቅ ፓርቲ፣ የሌበር፣ ተወዳዳሪ ያገኙት ድምፅ 26.7 በመቶ ነው። ትረስ 25.3። አዲሱ ቀኝ ዘመም ፓርቲ ሪፎርም ዩኬ 22.5። አንድ የግል ተወዳዳሪ ደግሞ 14 በመቶ ግድም ወሰዱ። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ወረዳ ድምፅ ከሰጡት አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል አሁን ፓርላማ የተቀመጡትን ሰው አልመረጧቸውም። ሕዝቡ ትረስን ማባረር ፈልጎ ነበር፣ አባረረ። ሌበርን ወዶ ነው የሚል ካለ ቁጥሩን ይይ።

በመላ አገሪቱም የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። ሌበር ከ650 ወንበር 411 ወሰደ፣ ከመቶ 63 እጅ ማለት ነው። ያገኘው ድምፅ ግን 33.7 በመቶ። በሰው ቁጥር ደግሞ 9.7 ሚሊዮን። ይህን ከ2019 ጋር አስተያዩት፤ ያኔ ሌበር በጄረሚ ኮርቢን መሪነት 10.3 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ «ከባድ ሽንፈት» ተባለ፣ ኮርቢንም ወረዱ። ኪር ስታርመር ከዚያ ያነሰ ሰው መርጧቸው «ታሪካዊ ድል» ተባለ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሕዝብ 60 በመቶ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ መምረጥ ከሚችለው ከአምስት ሰው አንዱ ብቻ ነው አሁን አገር የሚመራውን ፓርቲ የመረጠው። ኮንሰርቫቲቮች ደግሞ 121 ወንበር ይዘው ቀሩ። በረጅም ታሪካቸው ከዚህ ወርደው አያውቁም።

አንድ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1951 ምርጫ ሌበርና ኮንሰርቫቲቭ ሁለቱ ብቻ 97 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ድምፅ ተከፋፍለውት ነበር። ሰው አባቱ የሚመርጠውን ፓርቲ ይመርጣል፤ የማዕድን ሠራተኛ ሰፈር ሌበር ነው፣ የገበሬና የነጋዴ አገር ኮንሰርቫቲቭ ነው፣ አለቀ። ይህ እየሳሳ መጥቶም በ2017 ሁለቱ አንድ ላይ 82 በመቶ ይዘው ነበር። በ2024 57 በመቶ ሆነ። በሜይ 2025 የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ ቢቢሲ ውጤቱን ወደ አገር አቀፍ መጠን ቀይሮ ሲያሰላው ደግሞ ሌበር 20፣ ኮንሰርቫቲቭ 15፣ ድምሩ 35። ሪፎርም ለብቻው 30። በዚያው ዕለት ራንኮርን ላይ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ሌበር አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ በፊት ከ14 ሺህ በላይ ድምፅ በልጦ የወሰደውን ወንበር በሪፎርም ተነጠቀ። ልዩነቱ ስድስት ድምፅ ነበር። ስድስት ሰው!

ይህን ሁሉ ሲያዩ «ሕዝቡ ፖለቲካ ሰልችቶታል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የሰለቸው ሰው እቤቱ ይተኛል። እነዚህ ሰዎች ግን ድምፃቸው ዋጋ እንዳለው ሲሰማቸው ይወጣሉ። በ2014 ስኮትላንድ ትገንጠል አትገንጠል ተብሎ ሲጠየቅ 84.6 በመቶ ሕዝብ ወጣ። በ2016 የብሬግዚት፣ ማለትም ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ፣ ሪፈረንደም 72 በመቶ፤ ለጠቅላላ ምርጫ ድምፅ ሰጥተው የማያውቁ ሰዎች ጭምር ተሰልፈው ነበር። በኦክቶበር 2025 ዌልስ ውስጥ ኬርፊሊ የምትባል፣ ሌበር መቶ ዓመት ያህል ይዟት የኖረ አካባቢ፣ ለዌልስ ፓርላማ ማሟያ ምርጫ ተደረገባት። የወጣው ሰው ከ50 በመቶ አለፈ። ለዌልስ ፓርላማ በሚደረግ መደበኛ ምርጫ እንኳ ይህን ያህል ሰው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሌበር 11 በመቶ አግኝቶ ሦስተኛ ሆነ፤ ፕላይድ ካምሪ የተባለው የዌልስ ፓርቲ አሸነፈ። ኮንሰርቫቲቭ 2 በመቶ። ይህ ስልቹ ሕዝብ አይደለም። የተናደደ ሕዝብ ነው፣ ንዴቱም መሠረት አለው።

መሠረቱ ምንድነው ካላችሁኝ፣ ብዙ ሰው ቅሌቱን ነው የሚጠቅሰው። እመጣበታለሁ። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለኪስ ነው።

ከ2008ቱ የባንኮች ቀውስ በፊት የእንግሊዝ ሠራተኛ ደመወዝ ከኑሮ ውድነቱ ቀደም እያለ ቀስ በቀስ ያድግ ነበር። ልጅ ከወላጁ የተሻለ ይኖራል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጥ አለ። ሬዞሉሽን ፋውንዴሽን የሚባል የጥናት ተቋም እንዳሰላው፣ ደመወዝ በድሮው ፍጥነት ማደጉን ቢቀጥል ኖሮ አንድ አማካይ ሠራተኛ በዓመት 10,700 ፓውንድ ተጨማሪ ያገኝ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ያጣ ቤተሰብ፣ ኪራዩ ሲጨምርበት፣ የጋዝና የመብራት ቢሉ ሲቆለልበት፣ የሰፈር ሐኪም (ጂፒ) ለማየት ጠዋት በሁለት ሰዓት ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ «ኢኮኖሚው እያገገመ ነው» የሚል ሚኒስትር ሲያይ ምን ሊሰማው ይችላል? በ2024 ምርጫ ሰሞን ኤንኤችኤስ በሚባለው የመንግሥት ጤና አገልግሎት የሕክምና ወረፋ ዝርዝር ላይ 7.6 ሚሊዮን ገደማ ቀጠሮ ተመዝግቦ ነበር። ሕመምተኛ በ18 ሳምንት ውስጥ መታከም አለበት የሚለው ደንብ ከ2016 ወዲህ ተከብሮ አያውቅም።

ከ2010 ጀምሮ የዴቪድ ካሜሮን መንግሥት የቁጠባ ፖሊሲ ሲያመጣ፣ ማዕከላዊው መንግሥት ለካውንስሎች የሚሰጠው ድጎማ በአሥር ዓመት ውስጥ 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ካውንስል ማለት እዚያ አገር ለተራው ሰው የመንግሥት ፊት ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው እሱ ነው፣ መንገድ የሚጠግነው፣ አዛውንት የሚጦረው፣ ቤተ መጻሕፍት የሚከፍተው። ሰው «መንግሥት የለም» ሲል ለንደን ያለውን ፓርላማ፣ ዌስትሚንስተርን፣ አስቦ አይደለም፤ በሩ ላይ ያለውን ጉድጓድና የተዘጋውን የወጣት ማዕከል አይቶ ነው።

በርሚንግሃምን ውሰዱ። የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ። ያኔ ካውንስሉን የሚመራው ሌበር ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ካዝናዬ ባዶ ነው ብሎ በይፋ አስታወቀ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ ሴት ሠራተኞቹን ለዓመታት ከወንዶቹ ያነሰ ሲከፍል ኖሮ የመጣበት የካሳ ዕዳ አለ፣ ከሽፎ ብዙ ገንዘብ የበላ የኮምፒውተር ሲስተም አለ፣ የድጎማው መቀነስም አለ። ዋጋውን የከፈለው ግን ነዋሪው ነው። ካውንስሉ ከየቤቱ የሚሰበስበው ግብር (ካውንስል ታክስ) በ2024 10 በመቶ ያህል፣ በ2025 ደግሞ 7.5 በመቶ ጨመረ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ቆሻሻ የሚያነሱት ሠራተኞች በደመወዝ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ሥራ አቆሙ። ጥቁር ፌስታል በየመንገዱ ተከመረ፣ አይጥ ፈላ፣ ካውንስሉ 17,000 ቶን ቆሻሻ አልተነሳም ብሎ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ አወጀ። ሰዉ የበለጠ እየከፈለ ያነሰ አገልግሎት ያገኛል ማለት ነው። ለማን አቤት ይላል? ከተማው ሌበር፣ ለንደን ያለው መንግሥትም ሌበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ለንደን ላይ አሥራ አራት ዓመት ኮንሰርቫቲቭ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው የእኛ ሰው ተረት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ዋናውን ነጥቤን ልናገር። ሁለቱ ፓርቲዎች ምርጫ የሚያሸንፉት ሒሳቡን ደብቀው ነው፣ ሕዝቡም ነቅቶባቸዋል።

ከ2024ቱ ምርጫ በፊት ሁለቱም የገቢ ግብር፣ ከደመወዝ የሚቆረጠውን ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባል መዋጮና ቫት አንጨምርም ብለው ማሉ። ሁለቱም ሆስፒታሉን እናስተካክላለን አሉ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አይኤፍኤስ የሚባለው የበጀት ጉዳይ አጥኚ ተቋም ሁለቱም ፓርቲዎች «የዝምታ ሤራ» ውስጥ ናቸው ብሎ በግልጽ ተናገረ። ማንም አልሰማውም፣ ወይም ሰምቶ ዝም አለ። ከምርጫው በኋላ የሆነው ያው የተፈራው ነው።

እንግሊዝ አገር የሚሠራ ሰው የደመወዝ ወረቀቱን (ፔይስሊፑን) ያውጣና ይይ። አብዛኛው ሰው ላይ 1257ኤል የሚል የታክስ ኮድ አለ። ትርጉሙ በዓመት የመጀመሪያዋ 12,570 ፓውንድ ግብር አይቆረጥባትም ነው። ይህች ቁጥር በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር ከፍ ማለት ነበረባት። በ2021 ሪሺ ሱናክ የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ባለችበት እንድትቆም አደረጉ። ከዚያ ዋጋው ሁሉ ናረ፣ ደመወዝም በቁጥር ደረጃ ከፍ አለ፣ ቁጥሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ሰዉ በየዓመቱ ከደመወዙ የሚበልጠው ክፍል ለግብር ይጋለጣል። የግብሩ መጠን 20 በመቶ ነው፣ አልተነካም። «ግብር አልጨመርንም» ማለት ይቻላል። ሌበር ሥልጣን ሲይዝ ምን አደረገ? የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ በኖቬምበር 2025 በጀታቸው ያንኑ ዕገዳ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት፣ እስከ 2031 አራዘሙት። አንዱ ፓርቲ ጀመረ፣ ሌላኛው ቀጠለ፣ ሁለቱም ግብር አልጨመርንም አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን እጇ ላይ የሚደርሰውን ታውቀዋለች። «ሁሉም አንድ ናቸው» የሚለው ንግግር ስንፍና የሚመስላቸው ተንታኞች ይቺን ኮድ ቢያዩ ጥሩ ነው።

የሌበርን ስም ቶሎ ያጠፋው ግን የክረምት ማሞቂያው ጉዳይ ነው። ለአዛውንቶች በየዓመቱ 200 ወይም 300 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። ሥልጣን በያዙ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ማኒፌስቶው ላይ ሳይኖር፣ ከ10 ሚሊዮን ገደማ ጡረተኞች ላይ አነሱት። ምክንያታቸው ከቀድሞው መንግሥት የወረስነው የ22 ቢሊዮን ፓውንድ ጉድለት አለ የሚል ነው። የጉድለቱ ነገር ጨርሶ ሐሰት አልነበረም። ግን በእነዚያው ወራት ስታርመር ከ2019 ጀምሮ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ስጦታ፣ የኳስ ትኬት፣ ልብስ፣ መነጽር ሳይቀር መቀበላቸው ወጣ። ከሕግ አንጻር የተመዘገበ ነው፣ ወንጀል የለበትም፤ በኋላ የተወሰነውን ከፈሉ። ሆኖም የአሮጊት ማሞቂያ የነሳ መሪ ልብሱን ባለሀብት ሲገዛለት ማየት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ዓመት ሳይሞላው በጁን 2025 ውሳኔውን ቀለበሱት፤ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 35,000 ፓውንድ ለሆነ ጡረተኞች በሙሉ መለሱላቸው። ገንዘቡ ተመለሰ፣ እምነቱ ግን አልተመለሰም።

ኮንሰርቫቲቮች ይህን ሲያዩ ደስ ሊላቸው አይገባም፣ ምክንያቱም የባሰውን ያደረጉት እነሱ ናቸው። በ2022 ብቻ አገሪቱ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር አየች። ትረስን ለሥልጣን ያበቋቸው 81,326 የፓርቲ አባላት ናቸው፤ ወደ 47 ሚሊዮን መራጭ ባለበት አገር። ከዚያ የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚሸፈን ሳይነገር፣ በአንድ ቀን ታወጀ። የገንዘብ ገበያው ደነገጠ፣ ባንኮች የቤት ብድር አማራጮቻቸውን በቀናት ውስጥ አነሱ፣ የእንግሊዝ ባንክ ጣልቃ ገባ። የሞርጌጅ ውላቸውን በዚያ ሰሞን ማደስ የነበረባቸው ሰዎች ጭማሪውን ለዓመታት ሲከፍሉት ነው የሚኖሩት። ትረስ ሃምሳ ቀን ሳይሞላቸው ሄዱ።

ፓርቲጌት ስለተባለው የመንግሥት ቢሮ ድግስ ቅሌት ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ እዚያ አገር የነበረ ሰው አይረሳውምና። ኮቪድ ነው። ሰው እናቱን በሆስፒታል መስኮት ነው የተሰናበተው፣ አንዳንዱም በስልክ። ለቀብር የተፈቀደው 30 ሰው ብቻ ነው። እኛ ሐበሾች ለቅሶ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሬሳ ለአገር ቤት መላክ አይቻል፣ ድንኳን የለ፣ ዕድርተኛው በዙም ሲያለቅስ ከረመ። ኤፕሪል 17 ቀን 2021 የልዑል ፊሊፕ ቀብር ነበር። ንግሥቲቱ 73 ዓመት በትዳር አብረዋቸው የኖሩትን ባላቸውን ሲቀብሩ በቤተ ክርስቲያኑ ብቻቸውን፣ ማስክ አድርገው ተቀምጠው መላው ዓለም አይቷል። ከዚያች ቀን በፊት በነበረው ሌሊት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ሠራተኞች ዳውኒንግ ስትሪት ውስጥ ድግስ ላይ ነበሩ፤ በኋላ ቢሮው ቤተ መንግሥቱን ይቅርታ ጠይቋል። ፖሊስ ለ83 ሰዎች 126 ቅጣት ጻፈ። ቦሪስ ጆንሰንም ሱናክም ከተቀጡት መሐል ነበሩ። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ከዚህ በኋላ ስለ «ሕዝብና መንግሥት መተማመን» ማውራት ከባድ ነው።

የ2009 የፓርላማ አባላት የወጪ ማጭበርበር ቅሌት፣ የኢራቅ ጦርነት፣ ክፍያ አንጨምርም ብለው ፈርመው ለተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ክፍያን ወደ 9,000 ፓውንድ ያሳደጉት ሊበራል ዴሞክራቶች፣ ሁሉም የየራሱን ድርሻ አዋጥቷል። የለንደኑ የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎም አለ። በ2017 በዚያ ሕንፃ ከሞቱት 72 ሰዎች መሐል የእኛም ልጆች ነበሩበት። የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት በ2024 ሲወጣ ሁሉም ሞት ማስቀረት ይቻል እንደነበር ሰብሳቢው ተናገሩ። የአገሪቱ ሰዎች በመንግሥት ላይ ያላቸውን አመለካከት ለረጅም ዓመታት የሚከታተለው ጥናት በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ መንግሥት ከፓርቲ ጥቅም ይልቅ የአገርን ጥቅም ያስቀድማል ብለው «በጭራሽ ማለት ይቻላል» የማያምኑት 45 በመቶ ደርሰዋል። ከዚያ በፊት እዚያ ደርሶ አያውቅም።

ወደ ስደተኛው ጉዳይ ስንመጣ ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ካሜሮን በ2010 የተጣራ የስደተኛ ቁጥር በዓመት ከመቶ ሺህ በታች አወርዳለሁ አሉ። አልሆነም። ብሬግዚት ሲመጣ ድንበራችንን እንቆጣጠራለን ተባለ። እስከ ጁን 2023 በነበረው አንድ ዓመት ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። ይህ በድብቅ የሆነ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ ቪዛ ፈቅዶ ነው፣ የአዛውንት መጦሪያው ሠራተኛ ስላጣ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም ያለ ውጭ ተማሪ ክፍያ መኖር ስላቃታቸው። አንድ ሚኒስትር ወጥቶ «አገሪቱ እነዚህን ሰዎች ትፈልጋለች፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት ይችል ነበር። አላሉም። በአፋቸው እንቀንሳለን እያሉ በእጃቸው ፈረሙ። ውሸቱ ሲወጣ ንዴቱ ያረፈው በፈረመው ሚኒስትር ላይ ሳይሆን በመጣው ሰው ላይ ነው።

በጁላይ 2025 ለንደን አጠገብ ባለችው የኤፒንግ ከተማ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ የ14 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተከሰሰ፣ ጥፋተኛም ተባለ። ወንጀሉ ወንጀል ነው፣ ማንም ሊያለሳልሰው አይገባም። ጥገኝነት ጠያቂዎች ባረፉበት ሆቴል በር ላይ የተጀመረው ሰልፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ከዚያ በኦክቶበር፣ ከአገር ሊባረር የተያዘውን ይህንኑ ሰው እስር ቤቱ በስህተት ለቀቀው። ሁለት ቀን አገር ምድሩ ሲፈለግ ቆየ። በዚያው ሰሞን እስከ ማርች 2025 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ 262 እስረኞች በስህተት መለቀቃቸው መነጋገሪያ ሆነ። ሰላማዊው ሐበሻ ለወራት አውቶቡስ ላይ ሲያዩት ምን እያሰቡ ይሆን እያለ ተሳቀቀ፤ መራጩ ደግሞ እስረኛ እንኳ በቅጡ መያዝ የማይችል መንግሥት ምን ይሠራልኛል አለ።

የሌበር መልስ ሪፎርምን ተከትሎ መሮጥ ሆነ። በሴፕቴምበር 2025 ስደተኞች ቤተሰባቸውን የሚያስመጡበት አዲስ ማመልከቻ ቆመ። በኖቬምበር ደግሞ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ፈቃዱ በየሁለት ዓመት ተኩሉ ይታያል፣ ቋሚ መኖሪያ ለማግኘትም በአምስት ዓመት ፋንታ ሃያ ዓመት ይጠብቃል የሚል ዕቅድ ቀረበ። ሪፎርም ከዚያ ቀድሞ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባለውን ጨርሶ እሰርዛለሁ ብሎ ነበር። ሌበር ይህን ሲያደርግ የሪፎርምን ሰው አልመለሰም፤ የራሱን ሰው ግን ወደ ግራ ዘመሙ ግሪን ፓርቲ ገፋ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ስህተት ነው የማየው። ሃያ ዓመት በእንጥልጥል የሚኖር ሰው ቤት አይገዛ፣ ንግድ አይከፍት፣ ልጁን ተረጋግቶ አያሳድግ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም፦ እንግሊዝ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ኬንያዊ ወይም ኡጋንዳዊ፣ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነ፣ ዜግነት ሳይወስድ በጠቅላላ ምርጫ መምረጥ ይችላል። ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ግን ዜግነት እስኪወስድ በዚህ ምርጫ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ስለ እኛ ብዙ ይወራል፣ እኛን ግን በር አንኳኩቶ የሚጠይቀን የለም።

ሕዝቡ እንዲህ ከተማረረ ፓርቲዎቹ ለምን ቀድመው አልወደቁም? መልሱ የምርጫ ሥርዓቱ ነው። በየወረዳው አንደኛ የወጣ ያልፋል፣ የሌላው ድምፅ ይቀራል። የእኛም አገር ሕገ መንግሥት ያስቀመጠው ይህንኑ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ስለሆነ ለማስረዳት አልቸገርም። በ2024 ሌበር ለአንድ ወንበር 24 ሺህ ያህል ድምፅ ነው የፈጀበት። ሪፎርም 4.1 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ አምስት ወንበር ብቻ ወሰደ፤ ለአንዱ 800 ሺህ በላይ ማለት ነው። የሪፎርምን ፖሊሲ አልወደውም፤ ግን አራት ሚሊዮን ሰው አምስት መቀመጫ ሲሰጠው «ድምፄ ተሰረቀ» ቢል አልፈርድበትም። ሁለቱ ፓርቲዎች ለአሥርት ዓመታት በዚህ ግድግዳ ተጠልለው ኖሩ። «ለሌላ ብትሰጥ ድምፅህ ባከነ፣ የማትፈልገው ያሸንፍብሃል» እያሉ አስፈራርተው ነው የኖሩት። በ2011 ሥርዓቱን በመጠኑ ለመቀየር ሪፈረንደም ተደርጎ 68 በመቶ ያህሉ እንቢ አለ። ያኔ ገና እምነቱ አልተሟጠጠም ነበር።

አዲሶቹ ይሻላሉ ወይ? ሪፎርም በሜይ 2025 አሥር ካውንስሎችን ተረከበ። ብክነት እናጠፋለን፣ ግብር እንቀንሳለን ብለው ነው የገቡት። ከእነዚህ አንዱን፣ የኬንት ካውንስልን፣ ሲረከቡ ያገኙት ግን ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ የአዛውንቶችና የአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲሁም ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች እንደሚወስዱት ነው። በሕግ የተገደዱበት ስለሆነ መቁረጥ አይቻልም። ወራት ሳይቆይ ከካቢኔያቸው አባላት አንዷ አገልግሎቱ አጥንቱ ቀርቷል የሚል ነገር ለጋዜጣ ተናገሩ፣ የካውንስል ታክስ መጨመርም መወራት ጀመረ። ሒሳቡ ለእነሱም ያው ነው። ግሪኖች ሀብታሙን እናስከፍል ይላሉ፤ ቢያንስ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይናገራሉ፣ ይበቃል ወይ የሚለውን ግን ገና በሥልጣን አልተፈተኑበትም።

ሌበርን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በ34 በመቶ ድምፅ ሙሉ ሥልጣን የሰጠው ሥርዓት ነገ በ30 በመቶ ለሪፎርም ይሰጣል። አምስት ፓርቲ በተፎካከረበት ወረዳ እንደ ኖርፎኩ በሩብ ድምፅ ማለፍ ይቻላልና። የፓርቲው ጉባኤ በሴፕቴምበር 2022 ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ወንበር በድምፅ ድርሻ የሚከፋፈልበት ሥርዓት፣ ይግባ ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። አመራሩ ማኒፌስቶው ላይ አላስገባውም። ቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ ቢዘገይ እስከ ኦገስት 2029 ነው፣ እስከዚያው ሕጉን ለመቀየር የሚበቃው የፓርላማ ወንበር በእጃቸው አለ።